እሳት ያላያቸው ሳንቲሞች

«እኔ ስሄድ ትወስጃቸዋለሽ?»

ጋሼ ይልማ ይሄን የጠየቁኝ መኪና ውስጥ ነው። ሜልበርን፣ ኬንሲንግተን የባቡር መሻገሪያው ላይ ማገጃው ወርዶብን ቆመናል። እኔ መሪውን በጣቴ እደበድባለሁ፤ መጠበቅ አልችልም፣ ድሮም አልችልም። እሳቸው ጭናቸው ላይ ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው እቅፍ አድርገውታል። ውስጡ ያለው ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት የድሮ የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ከብር የተሠራው፣ ዶላሩ፣ ግማሽ ዶላሩ፣ ሩቡ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅኳቸውም፤ ገብቶኛል። አፌን ስከፍት ግን እጃቸውን አነሱ።

«አሁን አትመልሺ። እደሪበት።»

«ጋሼ፣ አዎ ወይ አይ ማለት እኮ ነው። ምን ማደር ያስፈልገዋል?»

«ለዚህ ነው እደሪበት ያልኩሽ» አሉና ባቡሩን ማየት ጀመሩ።

ክረምቱ መሃል ላይ ሳንባቸውን አሟቸው ሆስፒታል ገቡ፤ አልወጡም። እማዬ ደውላ ስትነግረኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ተመርቄ የተማርኩበትን ሥራ እስካገኝ ድረስ፣ ሜድስቶን እኛ ቤት አጠገብ ባለው ትልቁ ሾፒንግ ሴንተር ጫማ እሸጣለሁ። ደንበኛዋ «ይሄ ሰባት ቁጥር አለው?» አለችኝ። «አለው» ብዬ ጓዳ ገባሁና ካርቶኖቹ መሃል ቆምኩ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፤ ስወጣ ሴትየዋ ሄዳለች።

ጋሼ ይልማን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ኬንሲንግተን የመንግሥት ቤት ፎቆቹ ላይ ጎረቤቶች ነበርን። እኛ ሜድስቶን ስንገባ እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ «ባቡሩን ለማን ጥዬ?» ብለው። ዲር ፓርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፣ ሊያ የምትባል አንድ ልጃቸው ፐርዝ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰሞን እማዬ፣ እኔን ሳትጠይቅ፣ ለጋሼ ይልማ ቡክ አደረገችኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታደርሻቸዋለሽ። ዓይናቸው ደክሟል።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሕይወት አለኝ።»

«ጥሩ፣ ይዘሻት ሂጂ።»

እንዲህ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ጠዋት ታች ቆመው ይጠብቁኛል፤ ክራባት አስረው፣ ሹራብ ደርበው፣ ቆርቆሮውን በፌስታል ይዘው። ክራባቱ ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ለሴቶቹ» ይላሉ። ሴቶቹ ማለት ሳንቲሞቹ ላይ ያሉት ሴቶች ናቸው። ከሁሉም የሚወዱት ግማሽ ዶላሩን ነው፤ እጇን ዘርግታ ወደ ፀሐይ የምትራመድ ሴት ያለችበትን። እሷን ሲያዩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፣ ሕፃን የተኛበት ክፍል እንደገባ ሰው።

መጀመሪያ ቀን አንዷን አንስቼ አውራ ጣቴን ፊቷ ላይ ሳሳርፍ ጮሁ።

«ጠርዟን! ጠርዟን ያዢ! ሰው ፊቱን ተይዞ ይነሳል?»

ከዚያ እንዴት እንደሚደረግ አሳዩኝ። ሳንቲሟን ጣታቸው ጫፍ ላይ ሚዛን አስጠብቀው አስቀመጡና በሌላ ሳንቲም ጠርዟን ነካ አደረጓት። ጥንንን… የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ አልቆ መሰለኝና ገና ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ቀጥለው ከኪሳቸው የዛሬ የአሜሪካ ሩብ ዶላር አውጥተው ነካ አደረጉ። ጧ። በቃ።

«ሰማሽ? በፈረንጅ ከስልሳ አራት ወዲህ ብሩን አወጡበት። ፊቱ ያው ነው፣ ድምፁ ግን ሄዷል።»

«እሺ፣ እንሂድ?»

«እሷ ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቃለች፤ አንቺ አምስት ደቂቃ አትጠብቂም? ችኩሏ!»

ስሜ ችኩሏ ሆኖ ቀረ። አንዳንዴ ሰው ፊት «ጴንጤዋ ሹፌሬ» ይሉኛል፤ እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኛ ቤት ደግሞ ሁላችንም ጴንጤ ነን። «እናንተ ስዕል የላችሁ፣ መስቀል የላችሁ፣ የምታዪው ነገር እንዳታጪ ብዬ ነው ሳንቲም የማሳይሽ» ይሉኝና ራሳቸው ይስቃሉ።

የአገዛዛቸው ነገር ያሳብደኝ ነበር። የሚፈልጓትን ሳንቲም ባገኙበት ቀን አይገዙም። ያያሉ፣ ይይዛሉ፣ አስነክተው ይሰማሉ፣ ከዚያ ለሻጩ አመስግነው ይመልሱና ወደ ቤት። ሳምንት ያድሩበታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካለች ይገዟታል። ከሌለች የለችም።

አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገው የሚያምር ዶላር አመለጣቸው። ጥቁረቷ ራሱ ቀለም ነበረው፤ ጠርዟ ላይ ወይን ጠጅ፣ መሃሏ ላይ ሰማያዊ። ተመልሰን ስንሄድ ቦታዋ ባዶ ነው። እኔ ተናደድኩ።

«ይኸው! ባለፈው ብንወስዳት ኖሮ!»

እሳቸው ሻጩን «ማን ወሰዳት?» አሉት።

«አንድ ሰውዬ ለልጁ። ልደቷ ነው መሰለኝ።»

«ስንት ዓመቷ?»

«ስምንት ቢሆናት ነው።»

ጋሼ ይልማ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ነበር። «ስምንት ዓመት!» ይላሉ፣ ደግሞ «ስምንት ዓመት እኮ ነው! እኔ ጋ ብትመጣ ምን ያህል ትቀመጥ ነበር? እዚያ ዕድሜ ልክ ቤት አገኘች።» ያኔ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

እነዚህ ሳንቲሞች ሜልበርን ምን ይሠራሉ ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚህ የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ፤ ኪሳቸው ውስጥ የነበረው እዚህ ቀረ። የገበያዋ ጆይስ ዘንድ አንዷ ነበረች። ጆይስ የድሮ የልብስ ቁልፍና ዳንቴል የምትሸጥ አሮጊት ፈረንጅ ናት። ግማሽ ዶላሯ የምትራመደዋ ሴት ናት፤ ብዙ እጅ ስለነካት ፊቷ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። አንድ ወታደር ለጆይስ እናት ሰጥቷት «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። እናትየዋም ሌላ ሰው አገባች፤ ሳንቲሟን ግን ቁልፍ ማስቀመጫው ውስጥ አስቀመጠቻት።

ጋሼ ይልማ እንደደረሱ «ጆይስ፣ እመቤቲቱ ደህና ናት?» ይላሉ። ጆይስ ከጠረጴዛው ሥር ታወጣለች። እሳቸው ጠርዟን ይዘው ያዩዋታል፣ ይመልሷታል። ጆይስ እናቷን ታማለች፣ እሳቸው የጆይስን የእግር ኳስ ቡድን ይሳደባሉ፣ በቃ ይሄው ነው። የሁለቱም እንግሊዝኛ የተለያየ ነው፤ ግን ሳቃቸው ይገጥማል።

«ዋጋ ለምን አይጠይቋትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ባለቤት ያላትን ምን ብዬ?»

«ታዲያ በየሳምንቱ ለምን ይሄዳሉ?»

«አንቺ የምትወጂውን ሰው የምታዪው ልትገዢው ነው?»

እሺ። መኪናውን አስነሳሁ። ከሐበሻው ሁሉ «ሥራ አገኘሽ?» ብለው የማይጠይቁኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰርግ ሄድኩ፣ ለቅሶ ሄድኩ፣ ቸርች በር ላይ፣ ሁሉም ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚለኝ እሱን ነው። አንዷ የሥራ አማካሪ እንኳን አፕላይ ሳደርግ ስሜን አሳጥሬ እንድጽፍ መክራኛለች። ጋሼ ይልማ ግን መኪና ውስጥ ሲገቡ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቁርስ በላሽ?» አልበላሁም ካልኩ ኪሳቸው ውስጥ ዳቦ አለ። አሁን የሚናፍቀኝ ምኑ ነው ብባል፣ ያ በናፕኪን የተጠቀለለ፣ የሹራብ ክር የተጣበቀበት ዳቦ ነው። ከተማ ሙሉ ዳቦ ቤት አለ፤ እሱን የሚሸጥ የለም።

ስለ አባታቸው የነገሩኝ በእትዬ ብዙነሽ ምክንያት ነው። እትዬ ብዙነሽ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ናቸው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረገዘች፣ ማን ቤት ምን እንደጎደለ ከሁሉም በፊት ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ጋሼ ይልማ ለቀላል ነገር ሆስፒታል ጥቂት ቀን ሲተኙ ቁልፍ ተቀብለው ቤቱን አጸዱላቸው። ከሆስፒታል ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። በሩን ስንከፍት ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ተነጥፎ ሳንቲሞቹ ተደርድረዋል። ሁሉም ያበራሉ። እንደ ቆርቆሮ ክዳን።

«ይልማ፣ እንዴት እንደጠቆሩ ብታያቸው!» አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ እጃቸውን እየጠረጉ። «ሎሚና ጨው፣ ከዚያ በጥርስ ሳሙና። ሁለት ቀን ፈጀብኝ!»

እኔ የተማርኩትን ያህል ተምሬያለሁ። የድሮ ሳንቲም አይታጠብም፤ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። አፌን ስከፍት ጋሼ ይልማ ክንዴን ያዙኝ።

«እጅሽ ይባረክ ብዙነሽ» አሉ። «ደከምሽልኝ።»

እትዬ ብዙነሽ ሲሄዱ እኔ ፈነዳሁ። «ለምን ዝም አሏቸው? አበላሹት እኮ!»

ጋሼ ይልማ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንዷን በጠርዟ አንስተው ወደ መስኮቱ ያዟት። ታች ባቡሩ አለፈ፣ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

«አጠበቻት እንጂ አላቀለጠቻት» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። ጎንደር ናቸው። አባታቸው አንጥረኛ ነበሩ፤ የጆሮ ጌጥ፣ ድሪ፣ መስቀል የሚሠሩ። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ አስተማሪ ነበር። ጋሼ ይልማ በእንግሊዝኛ አንደኛ ሲወጡ ከኪሱ ግማሽ ዶላር አውጥቶ ሸለማቸው። እየሮጡ ቤት ገብተው ለአባታቸው አሳዩ። አባትየው እጃቸው ላይ መዘን መዘን አደረጓትና «ጥሩ ብር ነው» አሉ። ለአንዲት ሙሽራ የሚሠሩት የጆሮ ጌጥ ትንሽ ብር ጎድሎት ነበር። ማቅለጫው ውስጥ ጨመሯት።

«አጠገቡ ቆሜ አየሁ» አሉኝ። «ፊቷ ቀድሞ ሄደ። ከዚያ የዘረጋችው እጅ። ፀሐይዋ መጨረሻ ላይ ቀረች፤ እሷም ሄደች።»

«አላለቀሱም?»

«ጌጡ እኮ አማረ! በጣም አማረ። ሰው ሁሉ አባቴን አመሰገነ። ምን ብዬ ላልቅስ?» ሳንቲሟን ፎጣው ላይ አስቀመጧት። «አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። እሱ ብር ሲያይ የሚታየው ገና ያልተሠራ ጌጥ ነው። እኔ ደግሞ ያቺ ሴትዮ ሌላ ምንም ሳትሆን እንዲያው ራሷን ሆና እንድትቆይ ነበር የፈለግኩት።»

በሱዳን አድርገው እዚህ ሲደርሱ፣ ገበያ ውስጥ ያቺኑ የምትራመደውን ሴት ድንገት አዩዋት። ያኔም ሳምንት አደሩበት። መጋዘኑ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ «ብትሸጥስ?» እያሉ ፎርክሊፍት ነዱ። ቅዳሜ ሲሄዱ አለች። ከዚያ ወዲህ ነው ሁሉም። «የማገኛትን ሁሉ ከእሳት አወጣኋት ብዬ ነው የማስበው» አሉኝ፣ እንደማፈር ብለው።

ባቡር መሻገሪያው ላይ «ትወስጃቸዋለሽ?» ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለሊያ ለምን አይሰጧትም ስላቸው «ሊያ እሺ ትላለች» አሉ፣ «ልቧ እምቢ ማለት ስለማይችል። ከዚያ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ትከታቸዋለች። የሚያያቸው ሰው ነው የምፈልገው።» የጠየቁኝ ነገር ቀላል አይደለም፤ ሳልሸጥ፣ ሳላቀልጥ፣ ሳላጥብ፣ እያየሁ እንድኖር፤ ሳረጅ ደግሞ ሌላ ሰው ፈልጌ እንድሰጥ። እኔ እኮ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየልኝ የስልክ ቀፎ የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሴን ልነግራቸው ስል አዩኝና «ገና ነሽ» አሉኝ። ከዚያ በሚቀጥለውም «ገና።» ከዚያ ታመሙ።

አርባቸው ወጥቶ፣ ቤቱን ለመንግሥት ቤቶች ለማስረከብ ዕቃ የሚነሳበት ቀን እኔና እማዬ ልናግዝ ሄድን። ሊያ ከፐርዝ መጥታለች። እትዬ ብዙነሽ ወጥ ቤቱን ይዘዋል። አቶ ግርማ የሚባሉ የዕድሩ ሰብሳቢም አሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አገር ቤት ይሄዳሉ። ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ይሄ ሁሉ ብር ምን ይሆናል? ግርማ ይዞት ይሂድና ይቅለጥ። ጥሩ አንጥረኛ የእጅ መስቀል ይሥራው፣ የይልማ ስም ይጻፍበትና ለቤተ ክርስቲያን ይግባ። ለነፍሱ።»

የሚያምር ሐሳብ ነበር። የምሬን ነው። ሊያ ዓይኗን ጠረገች። በእንግሊዝኛ «ደስ ይለው ነበር» አለችና ቆርቆሮውን አንስታ ለአቶ ግርማ ዘረጋችላቸው።

እማዬ ስለምታውቀኝ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ» አለችኝ ቀስ ብላ። «የነሱ ነገር ነው።»

«አይቀልጡም» አልኩ።

እትዬ ብዙነሽ ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«ሳንቲሞቹ አይቀልጡም።»

«መስቀል እኮ ነው ያልነው፣ ማንቆርቆሪያ አላልንም!»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እናንተ መስቀል አትሳለሙ፣ እንዴት ብሎ ይገባሻል?»

«ብዙነሽ!» አለች እማዬ፣ አሁን ደግሞ ለኔ ተቆጥታ።

አቶ ግርማ ቆርቆሮውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «ለመሆኑ ሥራ አግኝተሻል?» አሉ። የብር ዋጋ አሁን እንደናረ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ሁሉም ያውቃል። ምን ማለታቸው እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፣ ወጥቼ መኪናዬን ማስነሳት እችላለሁ።

«አላገኘሁም» አልኩና ነገርኳቸው። እንደ ጋሼ ይልማ አድርጌ አይደለም፤ እየቸኮልኩ፣ መሃሉን ወደ መጀመሪያ፣ መጀመሪያውን ወደ መጨረሻ እያደረግኩ። አስተማሪውን፣ አባትየውን፣ ማቅለጫውን፣ ፊቷ ቀድሞ እንደሄደ። ስጨርስ ሊያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች።

«ለኔ ነግሮኝ አያውቅም» አለች፣ በአማርኛ። «ላንቺ ለምን ነገረሽ?»

«እንጃ። ሹፌራቸው ስለነበርኩ መሰለኝ።»

ሳቋ ከልቅሶዋ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። አቶ ግርማ ቆርቆሮውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ግን እጃቸውን አላነሱም። «ይሄ ያለፈ ታሪክ ነው» አሉ። «አሁን ምን ይሁን ብሏል? የሟች ቃል ካለ ሌላ ነገር ነው።»

እትዬ ብዙነሽ ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ንገሪኝ የኔ ልጅ። አደራ ብሎሻል?»

«ትወስጃቸዋለሽ ብለው ጠይቀውኛል።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«አልመለስኩም። ልመልስ ስል ገና ነሽ ይሉኛል።»

እትዬ ብዙነሽ ሊያን አዩ። ሊያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እንደ ጋሼ ይልማ እጃቸውን ያነሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላነሱም።

«እንግዲህ አሁን ከልካይ የለሽም» አሉ። «መልሺለት።»

መጀመሪያ ቀን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ አዎ እል ነበር፤ አዎ ማለት ስለሚያፈጥን። ከዚያ የትምህርት ዕዳዬን ለመክፈል አንድ በአንድ እሸጣቸው ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። ክፍሉ ውስጥ ካርቶኖቹ አፋቸውን ከፍተዋል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ የጋሼ ይልማ ክራባቶች በፌስታል ታስረዋል። ማንም አላጣደፈኝም። እኔም፣ ለራሴ እየገረመኝ፣ አልቸኮልኩም።

«እወስዳቸዋለሁ፣ ጋሼ» አልኩ።